ከሰላምታ ያለፈ ጥያቄ፦ በሕፃናት ጤና ክትትል ወላጆች ያለባቸውን የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ኑሮ ስጋት እንዴት እንለያለን?

ሕፃኑ ሚዛን ላይ ወጣ። ክብደቱ ጥሩ ነው። ክትባቱን ተወጋ፣ አለቀሰ፣ ዝም አለ። እናቱ "እርስዎስ ደህና ነዎት?" ስትባል "ደህና ነኝ፣ ተመስገን" አለች። ካርዱን ተቀብላ ወጣች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ እንዳልዞረ ማንም አላወቀም። ባለሙያው አልጠየቀም እንዳይባል ጠይቋል። ግን የጠየቀው ሰላምታ ነው። ሰላምታ ደግሞ መልሱ ሰላምታ ነው።

ይህ መመሪያ ሰላምታውን ወደ እውነተኛ ጥያቄ ስለመቀየር ነው። የተጻፈው በክትባት፣ በዕድገት ክትትልና በሕፃናት ተመላላሽ ክፍል ለሚሠሩ ነርሶች፣ አዋላጆችና ሐኪሞች ነው። ወላጆችም ቢያነቡት አይከፋም፤ ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚጠየቁ ይገባቸዋል።

"የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ኑሮ ስጋት" ሲባል ነገሩ ከበድ ይላል። ሲፈታ ግን ቀላል ነው። አሳዳጊው ላይ ደርሶ ልጁ ላይ የሚያርፍ ነገር ሁሉ ማለት ነው፦ ድባቴ (ዲፕሬሽን)፣ ጭንቀት፣ በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃት፣ የመጠጥና የዕፅ ሱስ፣ የሚበላ ማጣት፣ ረዳት አልባ መሆን፣ ልጅ ላይ እጅ እስከማንሳት የሚያደርስ ምሬት።

ለምን በልጁ ቀጠሮ?

ወላጅ ለራሱ ሲሆን ይሰንፋል፤ ለልጁ ግን ይመጣል። የራሷን ራስ ምታት ስድስት ወር የቻለች እናት የልጇን ሳል ሁለት ቀን አትችልም። ስለዚህ እናትን በየጊዜው የሚያገኛት የጤና ባለሙያ ብዙ ጊዜ የልጇ ባለሙያ ነው።

ጊዜውም ይገጥማል። በብዙ አገሮች ሕፃናት የሚከተቡት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። የሕፃን ለቅሶ ጣሪያ የሚነካውም በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በእነዚሁ ወራት ነው የወላጅ ትዕግሥት የሚያልቀው፣ ሕፃን ይዞ የመናጥ አደጋም የሚመጣው። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ድባቴም በአብዛኛው በዚሁ መስኮት ብቅ ይላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፤ ዋናው ድባቴ ነው። በታዳጊ አገሮች ቁጥሩ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። አባቶችም አልቀሩላቸውም። ጥናቶችን ያሰባሰቡ ተመራማሪዎች ከአሥር አባቶች አንዱ ያህል በዚህ ጊዜ ድባቴ እንደሚይዘው አግኝተዋል።

ልጁ ይህን ሁሉ አያውቅም ማለት ስህተት ነው። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ እናቶች ሕፃኖቻቸውን እያጫወቱ ሳለ ድንገት ፊታቸውን ምንም ስሜት የሌለው እንዲያደርጉ ጠየቀ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ፈገግ ብለው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሊመልሷቸው ሞከሩ። አልሆን ሲላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ያ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ደረጃ 1፦ ከመጠየቃችሁ በፊት መልሱ የት እንደሚሄድ እወቁ

ብዙ ቦታ ሥራው የሚጀመረው መጠይቅ በማተም ነው። አትጀምሩ። ጄ.ኤም.ጂ. ዊልሰንና ጉናር ዩንግነር በ1968 ለዓለም ጤና ድርጅት የጻፉት የልየታ መርህ ዛሬም ይሠራል፦ ለምትለዩት ችግር የሚደረግ ነገር ከሌለ መለየቱ ትርጉም የለውም። ሰው ገበናውን አውጥቶ ሲነግራችሁ "እሺ፣ በርቱ" ብሎ መሸኘት ከመጀመሪያው አለመጠየቅ ይከፋል። ሁለተኛ አይነግራችሁም። ለሌላም ሰው አይናገርም።

አንድ ወረቀት ውሰዱና በሦስት ክፈሉት። መጀመሪያ ዛሬውኑ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ምላሽ የሚፈልግ ነገር ሲመጣ ማን ይጠራል? ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ፣ ወደ ቤት መመለስ ያስፈራው ሰው እዚህ ይገባል። ሁለተኛው በዚህ ሳምንት የሚታይ ነገር ነው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ፣ ሶሻል ወርከር፣ የሕግ ድጋፍ። ሦስተኛው እዚያው ክፍል ውስጥ በእናንተ እጅ የሚሠራ ነው፤ ማዳመጥ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ሕፃን ለቅሶ መምከር፣ ቀጠሮ ማቅረብ።

ከዚያ ዝርዝሩ ላይ ላሉት ሁሉ ራሳችሁ ደውሉ። የምሬን ነው። ስልኩ ይነሳል? ክፍያ አለው? ሕፃን ይዞ መምጣት ይቻላል? ወረፋው ስንት ሳምንት ነው? ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ቁጥሮች ግማሾቹ የማይሠሩበት ቦታ አይቻለሁ። ያንን ቁጥር ስንት እናት ተስፋ አድርጋ እንደደወለች አላውቅም።

ደረጃ 2፦ ምን እንደምትጠይቁ ምረጡ፣ ጥቂት ይሁን

ሁሉን ነገር በአንድ ቀን የሚጠይቅ መጠይቅ አንድም ነገር በደንብ አይጠይቅም። ተፈትነው የታወቁ አጫጭር መሣሪያዎች አሉ። ከእነሱ ጀምሩ።

ለድባቴ በጣም አጭሩ ፒኤችኪው-2 ነው። ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ለነገሮች ፍላጎትና ደስታ ማጣት፣ እንዲሁም ማዘንና ተስፋ መቁረጥ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው። ድምሩ 3 ወይም በላይ ከሆነ ረዘም ወዳለው፣ ዘጠኝ ጥያቄ ወዳለው ፒኤችኪው-9 ትሄዳላችሁ።

ለወለዱ እናቶች የበለጠ የሚስማማው በ1987 የወጣው የኤድንብራ መለኪያ ነው፤ ባለሙያዎች ኢፒዲኤስ ይሉታል። አሥር ጥያቄ አለው፣ ስላለፉት ሰባት ቀናት ይጠይቃል፣ ጣሪያው 30 ነው። ጥቅሙ እንደ ድካምና የምግብ ፍላጎት ያሉ፣ ማንኛዋም አራስ የሚኖራትን የሰውነት ምልክቶች አለመቁጠሩ ነው። ጭንቀትንም ይነካል። ድንበሩ እንደየቋንቋውና እንደየአገሩ ከ10 እስከ 13 ይለያያል፤ በምትሠሩበት ቋንቋ የተፈተነውን ተጠቀሙ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ 3ኛው፣ ከዚያም ከ5ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ጥያቄዎች ነጥብ የሚቆጠረው በተገላቢጦሽ ነው፤ የመጀመሪያው ምርጫ 3፣ የመጨረሻው 0። በችኮላ ሲደመር እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ለምግብ እጥረት ሁለት ጥያቄ ይበቃል። ባለፉት 12 ወራት ቤት ያለው ምግብ መግዣ ሳይገኝ ያልቃል የሚል ስጋት ነበር ወይ? የገዛችሁትስ አልበቃ ብሎ መጨመሪያ ያጣችሁበት ጊዜ ነበር? ለአንዱም ቢሆን "ብዙ ጊዜ" ወይም "አንዳንዴ" ካሉ ችግር አለ ብላችሁ ያዙት።

ለመጠጥ ኦዲት-ሲ አለ፤ ሦስት ጥያቄ፣ ጣሪያው 12። ለወንድ 4፣ ለሴት 3 ሲሞላ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ለቤት ውስጥ ጥቃት ሂትስ የሚባል አራት ጥያቄ ያለው አለ፤ ከ10 በላይ ሲሆን አሳሳቢ ነው።

ሁሉንም በአንድ ገጽ የሚፈልግ ሲክ የተባለውን አሠራር ይመልከት። አሜሪካ ውስጥ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ዱቦዊትዝና ባልደረቦቹ ለሕፃናት ሐኪሞች ያዘጋጁት ነው። ድባቴን፣ የወላጅነት ውጥረትን፣ ሱስን፣ የባልና ሚስት ጥቃትን፣ ከባድ ቅጣትንና የምግብ እጥረትን አንድ ላይ ይጠይቃል። እኔ የምወድለት ግን ወረቀቱን አይደለም። ሐኪሙ መልሱን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግም አብሮ ያሠለጥናል።

አንድ ነገር አትምረጡ፦ ወላጁ በልጅነቱ የደረሰበትን መከራ ቆጥሮ ነጥብ መስጠት። በ1998 በቪንሰንት ፌሊቲና በሮበርት አንዳ የታተመው የልጅነት መከራ ጥናት ትልቅ ሥራ ነው። ግን የሕዝብ ጥናት ነው። አንድን ሰው ለመመደብ እንዳይውል አንዳ ራሱ ጽፏል። እናትየዋ ልጅ ሳለች የሆነባትን ወደ ትናንት ተመልሳችሁ አትለውጡትም። ዛሬ ሌሊት ማን እንደሚያግዛት ግን ልትጠይቁ ትችላላችሁ።

ደረጃ 3፦ ቃሉን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ በአማርኛ ሲሠራ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው።

"ድብርት አለብዎት?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ምን ይሆናል? ለብዙ ወጣት "ደበረኝ" ማለት ሰለቸኝ ማለት ነው። ፊልሙ ይደብራል፣ ሰውየው ይደብራል። ስለዚህ አንዷ "ኧረ አልደበረኝም" ትላለች፣ ሌላዋ "ቤት ውስጥ ስቀመጥ አዎ" ትላለች። ሁለቱም ስለ ሕመሙ አልመለሱም። "ድባቴ" የተሻለ ነው፣ ግን በየቤቱ የገባ ቃል አይደለም።

ሰው ኀዘኑን የሚናገረው በአካሉ ነው። ሆድ ባሰኝ። ልቤ ከበደኝ። ሆዴ ባር ባር ይላል። ዓለም ጨለመብኝ። ሁሉ ነገር አስጠላኝ። እነዚህ ቃላት የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የሉም፤ እናቲቱ አፍ ላይ ግን አሉ። የተፈተነውን መጠይቅ ቃል በራሳችሁ አትለውጡ፤ ነጥቡ ዋጋ ያጣል። ከመጠይቁ በፊትና በኋላ በምታወሩት ግን በእሷ ቋንቋ ግቡ። "ሆድ የሚብስዎት ጊዜ አለ?" ብሎ መጀመር በሩን ይከፍታል።

ጥቃትንም እንዲሁ። "የቤት ውስጥ ጥቃት ይደርስብዎታል?" ሲባል ብዙዋ አይ ትላለች፤ ምክንያቱም ጥቃት ብላ የምታስበው ደም የፈሰሰበትን ነው። "ባለቤትዎ ሲቆጣ የሚፈሩበት ጊዜ አለ?"፣ "ገፍቶዎት ወይም መትቶዎት ያውቃል?" ብሎ ድርጊቱን መጥራት ይሻላል።

"አንቺ" ወይስ "እርስዎ"? ወጣት እናት ስትሆን "አንቺ" ማለት ይቀናል፣ መቀራረብም ይመስላል። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ግን በ"እርስዎ" ጀምሩ። "አንቺ በይኝ" ካለች ራሷ በሩን ከፈተች ማለት ነው።

አዲስ ትርጉም ከተጠቀማችሁ ከአምስት ስድስት እናቶች ጋር አንብቡት። "ይህን ጥያቄ በራስዎ አባባል ይንገሩኝ" በሏቸው። የሚሉትን ስትሰሙ ትደነግጣላችሁ።

ደረጃ 4፦ ቦታውንና ሰዓቱን አመቻቹ

ወረፋ መሃል፣ መጋረጃ ብቻ ባለበት፣ ሌላ እናት ጎን ተቀምጣ አይጠየቅም። በር ያለው ክፍል ፈልጉ። ከሌለ የሚዛኑን ክፍል ለአምስት ደቂቃ ዝጉት።

ስለ ጥቃት የሚጠየቀው ብቻዋን ስትሆን ነው። ባል፣ አማት፣ እህት፣ ጓደኛ አይኖርም። የሚያወራ ልጅም እንዲሁ፤ የሦስት ዓመት ልጅ ማታ ቤት ገብቶ የሰማውን ሁሉ ይደግማል። አብሯት የመጣውን ሰው ሳታሳፍሩ ለማስወጣት መንገድ ያስፈልጋል። ጥሩው መንገድ ደንብ ማድረግ ነው፦ "ሁሉንም እናት ለጥቂት ደቂቃ ለብቻዋ እናያለን፣ አሠራራችን ነው።" ለሁሉም ካደረጋችሁት ማንም አይጠረጥርም። ብቻዋን ማድረግ ካልተቻለ የዚያን ቀን ስለ ጥቃት አትጠይቁ። ሌላ ቀጠሮ ይጠብቃል።

አስተርጓሚ ካስፈለገ የቤተሰብ አባል አይሁን። ልጅን ለእናቱ አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

በወረቀት ወይስ በቃል? አንዳንዱ አፍ አውጥቶ የማይለውን ወረቀት ላይ ያደርጋል። ማንበብ የማይችል ሰው ግን "መነጽሬን ረሳሁ" ብሎ ይመልስላችኋል። ሳታሳፍሩ ምርጫ ስጡ፦ "ራስዎ ይሞሉታል ወይስ አብረን እንየው?"

መቼ ለሚለው፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እናቶች በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ6ኛው ወር ስለ ድባቴ እንዲጠየቁ ይመክራል። ይህን ያህል ካልቻላችሁ ከክትባቶቹ አንዱን ያዙ፣ አንድ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላ ጨምሩ። አባት ልጁን ይዞ ከመጣ እሱንም ጠይቁት። አያት ወይም አክስት የምታሳድገው ከሆነም እሷን።

ደረጃ 5፦ አፍ መክፈቻው

መግቢያው ሦስት ነገር ይይዛል። ሁሉም እንደሚጠየቅ፣ መመለስ ግዴታ እንዳልሆነ፣ ምስጢሩ እስከምን እንደሚጠበቅ። ለምሳሌ እንዲህ፦

"ልጅ ማሳደግ ከባድ ነው። ስለዚህ እዚህ ለሚመጡ ወላጆች ሁሉ ስለ ራሳቸው ጥቂት ጥያቄ እንጠይቃለን። ደስ ያላለዎትን መዝለል ይችላሉ። የሚነግሩኝ ነገር በእኔና በእርስዎ መካከል ይቆያል። የእርስዎ ወይም የልጅዎ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ ሌላ ሰው መጨመር ሊኖርብኝ ይችላል፤ ያንንም አስቀድሜ ለእርስዎ እነግራለሁ። እንቀጥል?"

የመጨረሻዎቹን ዓረፍተ ነገሮች መዝለል ያጓጓል። ሰው ይሸሻል ብለን እንፈራለን። ግን ምስጢር ነው ብሎ አስነግሮ በኋላ ማውጣት ክህደት ነው። በየአገሩ በልጅ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ስለማሳወቅ ያለው ሕግም ይለያያል፤ የራሳችሁን ሳታውቁ ይህን ዓረፍተ ነገር አትናገሩ።

ብዙ ወላጅ በልቡ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፦ "እውነቱን ከተናገርኩ ልጄን ይወስዱብኛል።" አንዳንዴ ይህን በግልጽ ማንሳት ያቀላል። "የምንጠይቀው ለመርዳት ነው፤ ሆድ የባሳት እናት መጥፎ እናት አይደለችም።"

ደረጃ 6፦ መልሱን እዚያው አንብቡ

አንድ ጊዜ የሆነብኝን ልንገራችሁ። ሥራ በዝቶ ነበር። የተሞሉትን መጠይቆች ሰብስቤ ማታ ለመደመር ፋይል ውስጥ ከተትኳቸው። ማታ ስከፍት አንዷ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ፣ ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቀው ላይ፣ "አዎ፣ ብዙ ጊዜ" የሚለውን አክብባለች። ሄዳለች። የነበረን ስልክ አይነሳም። እስከ ማግስቱ ረፋድ እስክናገኛት ድረስ ያሳለፍኩትን ሌሊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ወላጁ ከክፍሉ ሳይወጣ ያልታየ ወረቀት የለኝም። በኢፒዲኤስ መጀመሪያ 10ኛውን አያለሁ፣ በፒኤችኪው-9 ደግሞ 9ኛውን። ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ።

ነጥቡ ምርመራ አይደለም። ይህን በሒሳብ እንየው። መቶ እናቶች ጠየቃችሁ እንበል፣ ከእነሱ 15ቱ በእርግጥ ድባቴ አለባቸው። መሣሪያችሁ ከታመሙት 80 በመቶውን ይይዛል፣ ካልታመሙት 85 በመቶውን በትክክል ነጻ ይላል። 12 የታመሙ ትይዛላችሁ። ካልታመሙት 85 ደግሞ 13 ያህሉ በስህተት ይያዛሉ። ከተያዙት 25 ውስጥ ግማሹ ድባቴ የለባቸውም ማለት ነው። ስለዚህ "ድባቴ አለብዎት" አይባልም። "መልስዎ ከበድ ያለ ጊዜ ላይ እንዳሉ ይነግረኛል፤ እስቲ ስለሱ እናውራ" ይባላል። በሌላው ወገን ደግሞ ሦስቱ አምልጠዋችኋል። ነጥቧ ዜሮ ሆኖ ልጇን ስትይዝ ዓይኗ ባዶ የሆነች እናት ካያችሁ ዓይናችሁን እመኑ።

ሦስት ነገር አታምታቱ። በወለደች በሦስተኛ አራተኛ ቀን የሚመጣው ቶሎ ቶሎ ማልቀስና መለዋወጥ አብዛኛዋን እናት ይነካታል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይጠፋል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም እየከበደ ከሄደ ድባቴን አስቡ። ሦስተኛው ከ1,000 ወላድ አንዷን ወይም ሁለቷን የሚይዘው የአእምሮ መታወክ ነው። የሌለ ድምፅ ትሰማለች፣ እንቅልፍ ሳታገኝ ኃይል ይሞላታል፣ ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር ታምናለች፣ ትደነጋገራለች። ይህ ድንገተኛ ሕክምና ነው። ቀጠሮ አይሰጥም፣ ከሕፃኑም ጋር ብቻዋን አትተውም።

ደረጃ 7፦ "አዎ" ካለችስ?

መጀመሪያ ዝም በሉ። እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ዓይናችሁን ከኮምፒውተሩ ንቀሉ። ከዚያ "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ ቀላል አልነበረም" በሏት። "አይዞሽ፣ ያልፋል" የሚለው ደግነት ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ወሬውን ይዘጋል። "ስንቱ መውለድ እያቃተው…" የሚለውማ በፍጹም።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከተነሳ በግልጽ ጠይቁ። "ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? እንዴት እንደሚያደርጉት አስበዋል? በእጅዎ ያለ ነገር አለ? ልጁንስ?" መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራም። ይልቅ ብዙ ሰው እፎይ ይላል። ዕቅድ ካለ ብቻዋን አትወጣም፤ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ የጻፋችሁት ሰው ይጠራል፣ እሷ የምታምነው ሰውም ይመጣል።

ጥቃት ከተነሳ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ቅደም ተከተል ይጠቅማል፦ ማዳመጥ፣ የሚያስፈልጋትን መጠየቅ፣ ማመን፣ ደኅንነቷን ማጠናከር፣ ከድጋፍ ጋር ማገናኘት። ድርጅቱ ስለ ጥቃት ሁሉንም ሴት በጅምላ መጠየቅን እንደማይመክር ልብ በሉ። ምልክት ሲታይ፣ የሠለጠነ ሰው፣ ምስጢር የሚጠብቅ ክፍልና መላኪያ ቦታ ሲኖር ነው። እነዚህ ከሌላችሁ የጥቃቱን ክፍል አቆዩትና ሌላውን ጀምሩ።

"ለምን አትተዪውም?" አትበሉ። ለብዙ ሴት ትልቁ አደጋ የሚመጣው ጥላ ስትወጣ ነው፤ ጊዜውን የምታውቀው እሷ ናት። ባልየውን ጠርታችሁ አትምከሩ፣ አስታራቂም አትሁኑ። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ ዛሬ ወደ ቤት መመለስ ይፈራሉ? ጥቃቱ እየባሰ ነው? አንቆዎት ያውቃል? የጦር መሣሪያ አለ? ሲብስ የት ይሄዳሉ?

አሁን ትንሽ የምትመስል ግን ሰው የምታስመታ ነገር። የልጁ የዕድገትና የክትባት ካርድ ቤት ይሄዳል። ባል ያየዋል። እዚያ ላይ "የቤት ውስጥ ጥቃት" ተብሎ አይጻፍም፣ በምልክትም ቢሆን። በተቋሙ ውስጥ በሚቀረው ፋይል ላይ ይጻፍ፣ እሱም ማን እንደሚከፍተው ይታወቅ። በራሪ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ አትክተቱ። ስልክ ስትቀበሉ "መደወል የማያሰጋው በየትኛው ሰዓት ነው? ሌላ ሰው ቢያነሳ ማን ነኝ ልበል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ልጅ ላይ እጅ ስለማንሳት ሲነሳ ወላጁን አታሸማቅቁት። "ልጁ አላቆም ሲል ምን ያደርጋሉ?" ብላችሁ ጀምሩ። ሕፃን በሚያለቅስበት ጊዜ ወላጅ ሊፈነዳ ከደረሰ ልጁን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኝቶ፣ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብሎ መተንፈስ እንደሚችል ንገሩት። ለቅሶ አይገድለውም፤ መናጥ ይገድለዋል። ይህን ከማንም ሰምቶ የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው። ልጁ አሁን አደጋ ላይ ከሆነ ግን የሕፃናት ጥበቃ ሥርዓቱ ይቀድማል። ለወላጁ መንገር አደጋውን የማያብስ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ምግብ ማጣት ሲነሳ ሰው ከሌላው ሁሉ በላይ ያፍራል። በፍጥነት ወደ ተግባር ሂዱ፤ ምን እርዳታ እንዳለና እንዴት እንደሚገኝ። የፎርሙላ ወተት የሚጠቀሙ ከሆነ ወተቱን በውኃ እያቀጠኑ እንደሆነ ሳትፈርዱ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ እርዳታ ትፈልጋለች ወይ? ከዚያ ተከታተሉ

ችግር አለ ማለት እርዳታ እፈልጋለሁ ማለት አይደለም። "ከነገሩኝ ውስጥ ዛሬ ብናግዝዎት ደስ የሚልዎት የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ እናንተ ያሰባችሁት አይሆንም። እናንተ ስለ ድባቴ ትጨነቃላችሁ፤ እሷ የምትለው ሁለት ሰዓት የሚይዝልኝ ሰው ባገኝ ነው። ከዚያ ጀምሩ። "አሁን አልፈልግም" ካለችም በሩ ክፍት መሆኑን ነግራችሁ በሚቀጥለው ክትባት እንደገና ጠይቁ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ የሚናገር ብዙ ነው።

ሪፈር ጽፎ መስጠት በቂ አይደለም። ከቻላችሁ እሷ እያለች ደውሉ፣ ከምትሄድበት ሰው ጋር በስልክ አስተዋውቋት። ሕንፃው እዚያው ከሆነ አብራችሁ ተራመዱ። ከዚያ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደውሉ። ጥያቄው "ሄዱ ወይ?" አይደለም፤ እሱ ቁጥጥር ይመስላል። "እንዴት ሆነልዎት? የከበደ ነገር ነበረ?" ይሁን። ያልሄደችው ብር ስላልነበራት፣ ሕፃኑን የሚይዝ ስላጣች ወይም እንግዳ መቀበያው ላይ የተናገሯት ነገር ስላስከፋት ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን እናንተ ካልጠየቃችሁ ማንም አያርመውም።

ደረጃ 9፦ በወር አንዴ ቁጥሩን እዩ፣ ጠያቂውንም

አራት ቁጥር ብቻ ያዙ። ስንት ወላጅ መጣ? ስንቱ ተጠየቀ? ስንቱ "አዎ" አለ? "አዎ" ካሉትና እርዳታ ከፈለጉት ስንቱ እርዳታው ጋር ደረሰ? ብዙ ቦታ የሚቆጠሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ለሪፖርት ያምራሉ። ቁምነገሩ ግን አራተኛው ላይ ነው።

ሦስት ወር ሙሉ ስለ ጥቃት አንድም "አዎ" ካልመጣ አካባቢው ሰላም ሆኖ አይደለም። ወይ ጥያቄው እየተዘለለ ነው፣ ወይ በሩ አይዘጋም፣ ወይ ጠያቂው መልሱን ሳይሰማ ቀጣዩን ያነባል። ሄዳችሁ አንድ ጊዜ ሲጠየቅ ተቀመጡ።

የሚጠይቁትንም አትርሱ። ቀኑን ሙሉ የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ሲሰሙ ውለው ማታ ቤታቸው ይሄዳሉ። አንዳንዷ ነርስ የምትጠይቀው ጥያቄ የራሷም ታሪክ ነው። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የከበደውን ጉዳይ የሚያወሩበት ጊዜ በፕሮግራም ውስጥ ይግባ። ጥያቄውን መጠየቅ የማትፈልግ ባልደረባ ካለችም አታስገድዷት፤ ለምን እንደሆነ እንድትናገር አታድርጓት፣ ሌላ ሥራ ስጧት።

ለመጀመር ያሰባችሁ በመጪው ወር ይህን ብቻ አድርጉ፦ አንድ ባለሙያ፣ አንድ የክትባት ቀጠሮ፣ ሁለቱ የፒኤችኪው ጥያቄዎች፣ በር ያለው ክፍል፣ የተደወለባቸው ስልኮች ያሉበት አንድ ገጽ። ሃያ ወላጅ ጠይቁ። ከሃያኛው በኋላ ተቀምጣችሁ የትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሰው ፊቱን እንዳዞረ ጻፉና እሱን አስተካክላችሁ ሃያ አንደኛውን ጠይቁ።